ሦስተኛ ሰው የማትይዝ መኪና

ነገሩ የጀመረው ከወላይታው ዘመን መለወጫ፣ ከጊፋታ በዓል በኋላ ባለው ዓርብ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱን አልረሳውም፤ ከምሳ ጀምሮ ዓይኔን ከግድግዳው ሰዓት ላይ አላነሣሁም ነበር። ሻንጣዬ በሩ አጠገብ ቆሟል። ሦስት ጊዜ ፈትቼ ሦስት ጊዜ መልሼ አስሬዋለሁ፤ አንዴ መጽሐፍ ለመቀነስ፣ አንዴ የቀነስኩትን ለመመለስ፣ አንዴ ደግሞ እጄ ሥራ ስላጣ ብቻ።

የምጠብቀው መኪና ነበር። ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት አዲስ አበባ፣ ከተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት መገኘት አለብኝ። ትምህርቴን ጨርሼ ወደ ሶዶ ከተመለስኩ በኋላ አንድ ዓመት አስተምሬ ነበር። ተማሪዎቼ የፊት ወንበር ለመያዝ ይሻሙ ነበር፤ ከፍቅር አይደለም፣ የምናገረው ከኋላ ስለማይሰማ ነው። ስለዚህ በቤተ መጻሕፍቱ ረዳት ሠራተኛ ሆኜ መመረጤ ሲነገረኝ በልኬ የተሰፋ ልብስ ያገኘሁ መሰለኝ። ደብዳቤው ግን አጭርና ደረቅ ነበር፤ በተባለው ቀንና ሰዓት ያልቀረበ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል ይላል። ተጠባባቂውን አውቀዋለሁ። አብረን የተማርን ልጅ ነው፤ ሁልጊዜም ከሰዓቱ ቀድሞ የሚገኝ።

ለበዓሉ ከአዲስ አበባና ከወንጂ የገባው ሕዝብ ሁሉ በአንድ ሳምንት ስለሚመለስ፣ የአውቶቡስ ቦታ ከበዓሉ በፊት ካልተያዘ አይገኝም። አባቴ፣ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት መምህር የሆነ ጥንቁቅ ሰው፣ ቀደም ብሎ ለቅዳሜ ጠዋት ሁለት ቦታ አስይዞ ነበር። አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለአክስቴ፣ ለእሱ እህት። አክስቴ አዲስ አበባ ጉዳይ አልነበራትም። ጉዳይዋ እኔ ነኝ። ያላገባች ልጅ ረጅም መንገድ ብቻዋን አትሄድም ስለሚባል፣ ተማሪ ሳለሁም አድርሳኝ የምትመለሰው እሷ ነበረች።

ማክሰኞ ዕለት የአባቴ የልብ ወዳጅ የሆነው የጨርቅ ነጋዴ ደብዳቤ ይዞ መጣ። አዲስ አበባ የሕንፃ ንድፍ የሚሠራው ልጁ ለበዓሉ ባይደርስም ዓርብ በራሱ መኪና መጥቶ ቅዳሜ እንደሚመለስ ጽፎለታል።

«ልጅህንና እህትህን እሱ ያደርሳቸዋል» አለው ለአባቴ። «መኪና እያለን በአውቶቡስ ምን ያንገላታቸዋል?»

አባቴ በዚያው ምሽት ሁለቱን ቦታ ለጎረቤታችን ሰጠ። ጎረቤታችን ዓይናቸውን ሞራ የጋረዳቸው አሮጊት ናቸው፤ እጃቸውን ይዞ የሚመራቸው ትልቅ ልጃቸው ነው። አዲስ አበባ የሐኪም ቀጠሮ ይዘው ቦታ አጥተው ነበር። አባቴ ሰጥቶ ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር።

ይህን ስሕተት ሌላ አገር ሰው ይሠራው እንደሆነ አላውቅም። እኛ ግን የምናውቃቸው መኪኖች አውቶቡስ፣ የጭነት መኪናና ላንድሮቨር ናቸው። ከቤሌም ሆነ ከተበላ ከተማ ገበያ ስንመለስ መኪና ሞላ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ሰው ጠጋ ይላል እንጂ መኪና አይሞላም። ነጋዴውም በዚሁ ልማድ ከእኔና ከአክስቴ ሌላ ለሻሸመኔው የፖስታ ቤት ጸሐፊ፣ ለአንድ ልብስ ሰፊና ልብስ ሰፊው ለልጁ ለሚልከው አንድ ኩንታል በቆሎ ቃል ገብቷል። ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት ሁላችንም፣ በቆሎው ጭምር፣ ግቢያችን ውስጥ ተሰብስበን ነበር።

መጀመሪያ ድምፅ ሰማን። ከባድና ዝግ ያለ ድምፅ ነው፤ በአጥሩ ጥግ ሲሄድ ይሰማናል፣ መኪና ግን አይታይም። ላንድሮቨር ሲያልፍ ጣሪያው ከአጥራችን በላይ ይታያል። የዚህኛው ግን ምንም አልታየም።

«ሞተሩ ብቻ ነው እንዴ የመጣው?» አለ ልብስ ሰፊው።

የግቢው በር ተከፍቶ መኪናዋ ገባች። ቀለሟ እንደ ባሕር ዛፍ ቅጠል፣ በአቧራው ሥር አረንጓዴም ግራጫም ነበረች። ፊቷ ረጅም፣ ጀርባዋ አጭር፤ ሊዘል እግሩን የሰበሰበ እንስሳ ትመስላለች። ጣሪያዋ ጨርቅ ነው፣ ወደ ኋላ ይታጠፋል። መሪዋ ከእንጨት ተሠርቶ እንደ በገና ተወልውሏል። ወንበሮቹ ቀይ ቡናማ ቆዳ ለብሰዋል፣ ስፌታቸው ከሩቅ ይቆጠራል። ከመሪዋ እስከ መብራቷ አንድም ቸኩሎ የተሠራ ነገር አልነበረባትም። እንዲህ ያለ ነገር በመጽሔት ሥዕል ላይ ብቻ ነበር ያየሁት። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ግን ወንበሮቹን ቆጠርኩ፣ ሁለት ብቻ ነበሩ።

ነጋዴው ልጁን አቅፎ ከሳመ በኋላ መኪናዋን ዞራት። አንድ ጊዜ ዞረ፣ ሁለተኛ ዞረ።

«ይህ ፊቷ ሁሉ ምንድን ነው?»

«ሞተር ነው፣ አባባ።»

«ኋላዋስ?»

«ትርፍ ጎማና የቤንዚን ጀሪካን።»

«ታዲያ ሰው የት ነው?»

ልጁ ወንበሮቹን አሳየው። ነጋዴው ጎንበስ ብሎ አየና ቀና አለ። «ከሰው ቀንሰው ሞተር ጨመሩበት» አለ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ እንደሚናገር።

ጸሐፊውና ልብስ ሰፊው ሳቁ። ሊሳደቡ ይችሉ ነበር፣ ግን ነገሩ ከስድብ አለፈ። ልብስ ሰፊው በቆሎውን እየተሸከመ፣ «ለእኔ ግድ የለም፤ በቆሎዬን በውስጧ ባስገባ ሾፌሩን ላስወጣው ነው» ብሎ ሄደ። ጸሐፊውም የአውቶቡስ ቦታ እስኪገኝ፣ እስከ ረቡዕ እጠብቃለሁ አለ። እኔ እስከ ረቡዕ መጠበቅ አልችልም ነበር። ግቢው ውስጥ የቀረው ችግር የእኔ ብቻ ሆነ።

 መጀመሪያ የተናገረችው አክስቴ ናት።

«እስቲ ልሞክራት» አለች።

አክስቴ ሰፊ ሴት ናት፤ በቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ላይ የሁለት ሰው ቦታ ትይዛለች። ባለመኪናው በሩን ከፍቶ እጇን ይዞ አወረዳት። አወረዳት ነው የምለው፤ ወደዚያች መኪና ሰው አይወጣም፣ ይወርዳል። እግሯ ወደ ፊት ተዘረጋ፣ ጉልበቷ ከአገጯ ጋር እኩል ሆነ።

«ወንበር ነው አልጋ ነው?» አለች ከውስጥ። «እንደ አራስ አስተኛኸኝ እኮ።»

«ይመቻል፣ እትዬ?»

«መመቸቱንስ ይመቻል። ክፋቱ የምወጣበት የለም።»

ሁለት ሰው ሆነው ጎትተው አወጧት። ቀሚሷን አራግፋ፣ «ሥራው ግሩም ነው፤ የሠራው ሰው ግን ዘመድ የለውም» አለች።

ከወንበሮቹ ኋላ ጠባብ መደርደሪያ ነበረች፣ ኮትና ትንሽ ቦርሳ የሚቀመጥባት። አባቴ በስንዝር ለካት፤ አራት ስንዝር በሁለት ስንዝር። አክስቴ ፊት ተቀምጣ እኔ እዚያ እጥፍጥፍ ብዬ እንደምሄድ ማሰቡን አውቄ፣ እሄዳለሁ ልለው አፌን ከፈትኩ። እሱ ግን እጁን ሰበሰበና፣ «ልጄ በግ አይደለችም» አለ።

«የአውቶቡሱን ቦታ ብንጠይቅስ?» አለች አክስቴ።

«ለታመመ ሰው የሰጠሁትን መልሼ አልወስድም» አለ አባቴ። እሱ እንዲህ ሲል ነገሩ ይዘጋል።

እነሱ ወደ ውስጥ ሲገቡ እኔ ውጭ ቀረሁ። መቀመጥ አልቻልኩም፤ ከማጀት ወደ ግቢ፣ ከግቢ ወደ ማጀት ተመላለስኩ። ባለመኪናው ተንበርክኮ ከመኪናዋ ሥር ያያል። ልጆች ሳለን በአንድ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ተምረናል፤ እሱ ብዙ ክፍል ይቀድመኝ ስለነበር ተነጋግረን አናውቅም።

«ከብላቴ ወንዝ ወዲህ ሆዷ ድንጋይ ሲቆጥር ነው የመጣችው» አለኝ ቀና ብሎ። «የጭስ ማውጫዋን በሽቦ አስሬዋለሁ። አስፋልት ላይ ብታያት ሌላ ናት። እዚህ ግን ፈረስን ጓሮ ውስጥ እንደመጋለብ ነው።»

ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ።

«ይቅርታ» አለ። «ስገዛት ስለ መጀመሪያው ወንበር ብቻ ነው ያሰብኩት። ሁለተኛው ሰው ይቀመጥበት እንደሆነ እንኳ አላሰብኩም።»

 «አዎ» ብቻ አልኩ፣ ለምኑ እንደሆነ ሳላውቅ። አባቱ ጠርቶ ሲያስገባው ብቻዬን ከመኪናዋ ጋር ቀረሁ። በሩ ክፍት ነበር። የቆዳውን ስፌት በጣቴ ነካሁ፣ ከዚያ ዙሪያዬን አየሁና ተቀመጥኩ። ምናልባት ሃያ እስኪቆጠር ድረስ ነው። መሬቱ ቅርብ፣ ሰማዩ ሩቅ ሆነ። ፊቷ ከመስታወቱ ባሻገር እስከ ዳሞታ ተራራ የሚደርስ መሰለኝ። በዚህች ብሄድ፣ ቅዳሜ ማታ አዲስ አበባ ነኝ። መሄድ ፈለግሁ። ይህን አልክድም። ሥራውን ብቻ ሳይሆን መንገዱንም፣ ነፋሱንም ፈለግሁት።

አመሻሽ ላይ ሦስት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መጡ። ነጋዴው ነው የጠራቸው፤ ቃል ገብቶ ስላልሞላ አፍሮ ነበር። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሳህን እያጠብኩ ነበር፤ ያጠብኩትን መልሼ አጥባለሁ።

«ብቻዋን ከወንድ ጋር አትሄድም» አለ አንዱ። «ከሄደችም ሰው የሚያየው ሁለት ወንበር ነው።»

«አትሂድ ካልንም ሥራዋ ይቀራል» አለ ሌላው። «ስንት ዓመት የተማረችበት።»

ሦስተኛው፣ በዕድሜ የሚበልጠው፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ መኪናዋን አየኋት» አለ። «የሠራት ሰው አልተሳሳተም። ሁለት ወንበር ለባልና ለሚስት ነው። ልጆቹ ደግሞ ሁለቱም ያላገቡ ናቸው፣ ሁለቱም የተማሩ፣ ሁለቱም ከጌታ ቤት። ታዲያ እዚሁ አንድ ቃል ብናስር ጠዋት ሲሄዱ ማን ምን ይላል?»

 ነጋዴው፣ «እኔ ከዚህ የተሻለ አልመኝም» አለ፤ ድምፁ ላይ ደስታው ይሰማል። ባለመኪናውን በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁት፤ ጫማውን ያይ ነበር። አባቴን ጠበቅሁ። አባቴ የችኮላ ነገር ስለማይወድ አይሆንም ይላል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። እሱ ግን ደክሞት ነበር፤ ሁለቱን ቦታ መስጠቱ ውስጥ ውስጡን እየበላው ነበር። መውጫ መንገድ ሲያሳዩት ልቡ እንደቀለለው ከትንፋሹ አወቅሁ።

«ልጄን ሳልጠይቅ አላደርገውም» አለ። «ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ተመለሱ። በፊታችሁ ትጠየቃለች።»

ለሌላ ልጅ ይህ በቂ ጥበቃ ነበር። በእኛ ዘንድ ልጅቷ በሽማግሌ ፊት ስትጠየቅ እምቢ ካለች መናገር አለባት፤ ዝም ካለች እሺ ብላለች ማለት ነው። ጨዋ ልጅ አፏን ሞልታ እሺ አትልም፣ እፍረቷ ራሱ መልስ ነው። እኔ ደግሞ በዝምታዬ በሰፈሩ የታወቅሁ ነኝ። በሽማግሌ ፊት ቀርቶ በእንግዳ ፊት ጨው አቀብሉኝ ብዬ አላውቅም። አባቴ ሊጠይቀኝ መወሰኑን ስሰማ፣ መልሴ በዚያው የተሰጠ ያህል ሆኖ ተሰማኝ።

ልጁን አልጠላሁትም። መጥፎ ሰው አልነበረም። ግን ለወንበር ሲባል መታጨት! የእድሜ ልክ ነገር በአራት ስንዝር በሁለት ስንዝር ሲወሰን። እምቢ ካልኩ ደግሞ ሰኞ ተጠባባቂው በሁለት ሰዓት ሳይሆን በአንድ ሰዓት ተኩል በሩ ላይ ይቆማል። ተኝቼ ስገላበጥ ሁሉም ሰው ሲያደርግ የዋለውን አሰብኩ፤ አክስቴን ማስገባት፣ እኔን ማጠፍ፣ ልጁን ማጨት። ሁሉም ሦስት ሰው በሁለት ወንበር ለማስቀመጥ ሲታገል ነው የዋለው። በዚያ ወንበር መቀመጥ ያለብኝ የግድ እኔ መሆን አለመሆኔን ማንም አልጠየቀም፤ እኔም ራሴ ፈልጌው ስለነበር አልጠየቅሁም።

ሰማዩ ወገግ ሲል ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ። ዝናብ ዘንቦ ስለነበር ጭቃው ያዳልጣል። የጎረቤታችን የአሮጊቷ ቤት ከእኛ ቁልቁል፣ ሦስት ግቢ አልፎ ነው። እሳቸው ተነሥተው፣ ለብሰው፣ በደጃፉ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ልጃቸው ስንቅ ይቋጥራል። አማርኛ ስለማይችሉ በወላይትኛ ሰላም አልኳቸው።

«የመምህሩ ልጅ ነሽ» አሉ በድምፄ ለይተው። «ምነው ገና በጠዋቱ? ሰው ታመመ?»

«የለም፣ እማማ። ልለምንዎት ነው የመጣሁት።»

መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ረጅም ንግግር ጠፋብኝ። ስለዚህ አጭሩን ነገርኳቸው፤ መኪናዋ ሁለት ሰው ብቻ እንደምትይዝ፣ እኔ በእሷ ልሄድ እንደማልችል፣ በአውቶቡሱ ግን ልሄድ እንደምችል፣ እሳቸው በእኔ ፋንታ በመኪናዋ ቢሄዱ ሁላችንም እንደምንደርስ።

ልጃቸው ቋጠሮውን ጣለ። «እናቴን ለማላውቀው ሰው?»

«ዝም በል» አሉት። «ባለመኪናው የማን ልጅ ነው?»

የነጋዴው እንደሆነ ነገርኳቸው።

«አባቱን በጀርባዬ አዝዬዋለሁ» አሉ። «ልቅሶው መንደር ያውክ ነበር።» ከዚያ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። «እስቲ ንገሪኝ፣ ደረጃ አላት?»

«የምን ደረጃ?»

«መውጫ። ባለፈው ዓመት በአውቶቡሱ ስወጣ እግሬ አልደርስ ብሎ ሰው ሁሉ ከኋላዬ ሲገፋኝ ነበር። ሌሊቱን ሁሉ የምፈራው እሱን ነው። መርፌውን አይደለም።»

«ደረጃ የላትም፣ እማማ። ዝቅ ያለች ናት። ልክ እንደዚህ ዱካ።»

ዱካውን በእጃቸው ዳሰሱ። ሰባ ዓመት ሙሉ የተቀመጡት እንዲህ ባለ ነገር ላይ ነው፤ በእሳት ዳር፣ እንሰት ሲፍቁ፣ በገበያ። «ታዲያ ይህን ማታውኑ ያልነገራችሁኝ ለምንድን ነው?» አሉ።

ቤት ስመለስ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። ቀሚሴ ጫፉ ጭቃ ነበር፤ አክስቴ አየችኝና በዓይኗ ጠየቀችኝ። አባቴ በቆመበት፣ ቃላቱን እየመረጠ፣ ማታ የተባለውን ሁሉ ደገመልኝ። በመጨረሻም፣ «ምን ትያለሽ፣ ልጄ?» አለ።

ሁሉም ወደ ወለሉ አዩ። እንዲህ የሚያዩት ልጅቷ እንዳታፍር ነው። የሚጠብቁት ዝምታውን ነበር፣ እኔም ዝምታው ሲመጣ ይሰማኝ ነበር።

«አይሆንም» አልኩ። ድምፄ ቀጠነ፣ ግን ወጣ። «ቃል አይታሰር። እኔ በአውቶቡስ ነው የምሄደው። በመኪናው የሚሄዱት እማማ ናቸው።»

ትልቁ ሽማግሌ ጆሮውን አቀረበ። «ማን?»

ደግሜ ነገርኳቸው፤ በዚህኛው ጊዜ ድምፄ ተሻለ።

«የሰጠሁትን መልሰሽ ወሰድሽ?» አለ አባቴ። ፊቱ ቀላ።

«አልወሰድኩም፣ አባባ። ለወጥኩ። እሳቸው የሚፈሩት የአውቶቡሱን ደረጃ ነበር።»

«ብቻሽን ልትሄጂ?»

«አውቶቡስ ውስጥ ብቻነት የለም። አርባ ምስክር አለ። የእማማ ልጅም አለ፤ አምስት ልጆች ያሉት ሰው ነው።»

አክስቴ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። ነጋዴው ቅር ብሎት መሬቱን ያይ ነበር። መጀመሪያ የተነሣው ልጁ ነው፤ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። «ቤታቸው የቱ ነው? ሄጄ ላምጣቸው» አለ። ትከሻው ዝቅ ብሎ፣ ከአንድ ሸክም እንደተገላገለ ሰው። ይህ ትንሽ ቅር አሰኘኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን ያን ጊዜ ለመመርመር ሰዓት አልነበረኝም። አባቴ ሻንጣዬን ሊያነሣ ጎንበስ አለና መልሶ ቀና አለ። እሺም አላለኝም፣ እምቢም።

እማማን ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ። ክንዳቸውን ይዤ፣ ጀርባቸውን ወደ ወንበሩ አዙሬ፣ «ይቀመጡ» ስላቸው አንድም ሳይንገዳገዱ ተቀመጡ። እግራቸውን አንድ በአንድ አስገባሁ። ቆዳውን ዳሰሱ፣ የበሩን እጀታ ዳሰሱ፣ ከዚያ ወደ ባለመኪናው ዞረው በወላይትኛ፣ «በል እንሂድ፤ አባትህም እንዲህ ሲያዘገይ ነው ያረጀው» አሉት። በሩን ዘጋሁት። እንዲህ ላለ ውድ ነገር በጣም ቀላል በር ነበር፣ ሳልገፋው ተዘጋ።

አውቶቡሱ በገበያው ዳር ጡሩምባውን ሁለተኛ ጊዜ ሲነፋ ሻንጣዬን አንሥቼ ሮጥኩ። ከእማማ ልጅ ጎን፣ ከኋላ ሦስተኛው ወንበር ላይ፣ የሰው ዶሮ ጭኔ ላይ ተቀምጦ ቦታዬን ያዝኩ።